የመሪ ሕመምና የሐኪም ቃል

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው ለበሽተኛው ነው፤ ሐኪሙን አይመለከትም። በሽተኛው ሕመሙን ገልጦ ከነገረው በኋላ ሐኪሙ የሰማውንና ያየውን በሆዱ እንዲይዝ ከጥንቶቹ የግሪክ ሐኪሞች መሐላ ጀምሮ የታወቀ የሙያ ግዴታ አለበት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ በኋላ እርሱን የተካው ሕግም፥ የሙያ ምሥጢር የሚያወጣውን ሰው ይቀጣሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሣው በሽተኛው አንድ ገበሬ ወይም አንድ ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ የአገር መሪ ሲሆን ነው። የዚያ ሰው እጅ ሲዝል ማኅተሙን የሚያነሣው ማነው? ሐኪሙስ በዚያን ጊዜ የማን ሐኪም ነው፤ የታመመው ሰው ወይስ የአገሩ?

ይህን ጥያቄ በጓደኞቻችን መካከል ስናነሣ አብዛኛው ሰው ወዲያው በሁለት ወገን ይሰለፋል። አንዱ ወገን «ምሥጢር ምሥጢር ነው፤ ለንጉሥም ለድኻም አንድ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ሕዝብ የሚያስተዳድረውን ሰው ሁናቴ የማወቅ መብት አለው» ይላል። እኛም መጀመሪያ ጉዳዩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ብቻ ያለ መስሎን ነበር። የታሪኩን መዝገብ ስንመረምር ግን ሁለቱም ወገን የዘለሉት ነገር እንዳለ አየን። ዝም ያለ ሐኪምና «ደኅና ናቸው» ብሎ የፈረመ ሐኪም አንድ አይደሉም። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርባቸውን ታሪኮች የመረጥነው ይህን ልዩነት ስለሚያሳዩ ነው። በሌላ አገር የሆነውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በአገራችን የሆነውን እንደ ራሳችን አቈጣጠር የጻፍን መሆናችንን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን።

በመጀመሪያ አንድ አጭር ታሪክ እንጥቀስ። በ1893 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በላይኛው መንጋጋቸው ዕጢ በቀለ። ጊዜው ክፉ ነበር። ባንኮች ይዘጉ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ መንግሥት ብር እየገዛ እንዲያከማች የሚያዘውን ሕግ ለማሠረዝ ምክር ቤቱን ለነሐሴ ጠርተው ነበር፤ ምክትላቸው አድላይ ስቲቨንሰን ደግሞ የብሩ ደጋፊ ከሚባሉት ወገን ነበሩ። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱ መታመም ቢሰማ ገበያው ይናጋል ተብሎ ተፈራ። ሐምሌ 1 ቀን «ኦናይዳ» በምትባል የአንድ ወዳጃቸው የመዝናኛ መርከብ ላይ፥ በኒውዮርክ አጠገብ ባለው ውሃ እየተጓዙ፥ ዶክተር ጆሴፍ ብራያንትና ዶክተር ዊሊያም ኪን ከረዳቶቻቸው ጋር ሆነው የግራውን የላይ መንጋጋ ብዙ ክፍል ቈርጠው አወጡ። ቀዶ ጥገናው የተደረገው በአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊት ላይ ጠባሳ አልተወም። የጐደለው ቦታ ከጎማ በተሠራ ነገር ተሞላና ፕሬዚዳንቱ እንደ ቀድሞው መናገር ቻሉ። ለጋዜጦች የተነገረው የቍርጥማትና የጥርስ ሕመም ነው ተብሎ ነው።

ነሐሴ 29 ቀን ኤድዋርድስ የተባለ ጋዜጠኛ በፊላዴልፊያ ጋዜጣ ላይ እውነቱን ከነዝርዝሩ አወጣው። የፕሬዚዳንቱ ወዳጆች ግን ጋዜጠኛውን ሐሰተኛ ነው ብለው ስሙን አጠፉት፤ ሕዝቡም አመናቸው። ክሊቭላንድ በ1908 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ኤድዋርድስ ግን ሐሰተኛ እንደ ተባለ ቀረ። ዶክተር ኪን ሁሉን ገልጦ የጻፈው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ለመጻፍ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ የዚያን ጋዜጠኛ ስም ለማንጻት መሆኑን እናውቃለን፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ዕጢው እስከ ዛሬ በፊላዴልፊያ በአንድ የሕክምና ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐኪሞቹ ዝም ከማለታቸው የተነሣ የተጐዳ ሰው አናገኝም። ኤድዋርድስን የጐዳው ከዝምታው በላይ የተጨመረው ቃል ነው። ሐሰቱን ለማቆም እውነተኛውን ሰው ሐሰተኛ ማድረግ አስፈለገ።

ወደ አገራችን እንመለስ። መሪ ሲታመም ወይም ሲሞት መደበቅ በአገራችን ከሐኪሞች መምጣት በፊት የነበረ የቤተ መንግሥት ልማድ ነው። አፄ በካፋ በጎንደር በሞቱ ጊዜ እቴጌ ምንትዋብና ዘመዶቻቸው ሕፃኑን ኢያሱን ከዙፋን እስኪያስቀምጡ ድረስ ሞቱ አልተነገረም። ምክንያቱ ግልጥ ነው። የአልጋው ሥርዐት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ በተንጠለጠለበት አገር የንጉሥ ሞት ሐዘን ብቻ ሳይሆን የጦርነት ነጋሪት ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ሕመም ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር፤ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሳይሆን ዓመታት የወሰደ ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ ገና ከአልጋ ሳይውሉ፥ በ1899 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ስላላቸው ጥቅም በመካከላቸው ውል ተፈራርመው ነበር። ውሉ የአገሪቱ ሁናቴ ቢናጋ ሦስቱ መንግሥታት እያንዳንዳቸው የሚጠብቁትን ጥቅም የሚዘረዝር ነው። በሌላ አነጋገር፥ ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ የሚሆነውን ባለቤቱ ሳይሰማ በውጭ ይመክሩበት ጀምረው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የሚለካ ትኵሳት የአንድ ሰው ትኵሳት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ለንደን፥ ወደ ፓሪስና ወደ ሮማ የሚላክ ወሬም ነበር።

ከሐኪሞቹም አብዛኛዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እነርሱን ወደ ግቢ መላክ ለሌጋሲዮኖቹ አንድ የፖለቲካ ሥራ ሆኖ ነበር። በ1901 ዓ.ም. የመጣው ጀርመናዊው ዶክተር ስታይንኩለር ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ እየተሰጣቸው ነው ብሎ ተናገረና በከተማው ትልቅ ሁከት አስነሣ። በሽታው በአንጎል የደም ሥር የሚመጣ፥ አካልን የሚያሰንፍ፥ ዛሬ ስትሮክ የምንለው መሆኑ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታመነ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ዶክተሩ ዝም ከሚሉት ሐኪሞች ወገን አይደለም፤ ተናግሯል። ግን የተናገረው ያረጋገጠውን አልነበረም፤ ቃሉም የከበደው ሐኪም ስለሆነ ነው። ሐኪም የተናገረ ሁሉ እውነት ወጣ ማለት አይደለም።

ምኒልክ ራሳቸው፥ ገና መናገር ሲችሉ፥ ከብዙዎቹ መሪዎች የተሻለ አድርገዋል ብለን እንፈርዳለን። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው በዐዋጅ አስታወቁ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውንም እንደራሴ አደረጉ። ይህ ሕመምን አምኖ የተደረገ ሥራ ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ብርቱው ሕመም መጣና አንደበታቸውን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ትእዛዝ የማን እንደሆነ መጠየቅ ተጀመረ። በታማሚው አልጋ አጠገብ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ሹም ሽር ሲያደርጉ፥ መኳንንቱ ቃሉ የንጉሠ ነገሥቱ ነው ብለው መቀበል አልፈለጉም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማክረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው፤ የቀረላቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ ሆነ። በዚህ ድርጊት የሥልጣን ፉክክር አልነበረም አንልም፤ እቴጌይቱ ለሴትነታቸውና ለሰሜን ተወላጅነታቸው ጭምር እንደ ተጠሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን የመኳንንቱ ጥያቄ በራሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ የማይናገር ሰው እንዴት ያዝዛል?

ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ በቦታቸው ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ልጅ ኢያሱ አገር ሲገዙ አያታቸው በአልጋ ላይ ነበሩ፤ ዘውዱም በአያታቸው ስም ነበር። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞቱ ለሕዝብ አልተነገረም፤ አስከሬኑ በቤተ መንግሥት ውስጥ በሥውር ተቀመጠ። በአድዋ ድል ለነሣው ንጉሥ ነጋሪት ተመትቶ ሳይለቀስ ቀረ። ልጅ ኢያሱም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ ዘውድ አልጫኑም። ሕዝቡ አላወቀም ማለት ግን አይደለም። የግቢ ወሬ በር ቢዘጋበት በመስኮት ይወጣል። የታጣው ወሬው ሳይሆን ሰው በአደባባይ አልቅሶ፥ ነገሩን አምኖ፥ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው የሚመክርበት ሁናቴ ነው።

ይህ የአያቶቻችን ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ከሕዝብ ዓይን በራቁ ጊዜ ደኅና መሆናቸውና ወደ ሥራቸው እንደሚመለሱ በባለሥልጣኖች ይነገር ነበር፤ ነሐሴ 14 ቀን በብራስልስ ማረፋቸው በማግሥቱ ተገለጠ። ሕመሙ ምን እንደነበረ በጊዜው አልተነገረም። ስለዚህ ነገር ለመፍረድ መዛግብቱ ገና አልተከፈቱምና እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ዊልሰን እንምጣ። የዚህን ሰው ታሪክ ሰፋ አድርገን የምንጽፈው መዛግብቱ ከሁሉ የተሟሉ ስለሆኑና ጉዳዩ በሩቅ እኛንም ስለ ነካን ነው።

ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ከቬርሳይ ውል ጋር የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ሐሳብ ይዘው ከፓሪስ ሲመለሱ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አልቀበልም አላቸው። ሕዝቡን ለማስረዳት በባቡር አገር ላገር ዞሩ። መስከረም 25 ቀን 1919 ዓ.ም. በኮሎራዶ አገር ፕዌብሎ በምትባል ከተማ ንግግር ካደረጉ በኋላ በሌሊት ታመሙና ጉዞው ተቋረጠ። ወደ ዋሽንግተን ተመልሰው ሳለ ጥቅምት 2 ቀን ስትሮክ መታቸው፤ የግራ ጎናቸው ሙሉ በሙሉ ሰነፈ። የግል ሐኪማቸው የባሕር ኃይል መኰንን የሆነው ዶክተር ኬሪ ግሬይሰን ነበር። ከፊላዴልፊያ የመጣው የነርቭ በሽታ ዐዋቂ ዶክተር ዴርከምም በሽታው ምን እንደሆነ በግልጥ አይቷል። ለሕዝብ የተነገረው ግን የድካምና የነርቭ መላሸቅ ነው ተባለ። ሽባነት የሚለው ቃል ከኋይት ሐውስ አልወጣም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ካልቻለ ሥልጣኑ ወደ ምክትሉ እንደሚያልፍ ይናገር ነበር። አለመቻሉን የሚወስነው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ላንሲንግ ሕመሙ በደረሰ በማግሥቱ ይህን አንቀጽ አንሥተው ለፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ለጆሴፍ ተማልቲ አሳዩ። ተማልቲ ጌታዬን አልከዳም አለ፤ ግሬይሰንም ፕሬዚዳንቱ መሥራት አይችሉም ብሎ በፊርማው እንደማይመሰክር ገለጠ። ጥቅምት 6 ቀን ላንሲንግ ሚኒስትሮቹን ሰበሰቡ። ግሬይሰን ገባና የፕሬዚዳንቱ አእምሮ ንቁ እንደሆነ፥ እንዲያውም ሚኒስትሮቹ በማን ሥልጣን እንደ ተሰበሰቡ መጠየቃቸውን ነገራቸው። ሚኒስትሮቹ ደነገጡ፤ መልካም ምኞታቸውን ልከው ተበተኑ።

ይህን ትዕይንት በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። ግሬይሰን በዚያ ክፍል ውስጥ የገባው ስለ በሽታ እንዲናገር ነው። ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታውን ይዞ «ስለ በሽተኛዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ» ቢል ኖሮ ሙያውን ጠብቆ፥ ሚኒስትሮቹንም ከነሥራቸው ትቶ በወጣ ነበር። እርሱ ግን ከሐኪምነቱ ክብር ጋር የፖለቲካ መልእክት ይዞ ገባ። ሚኒስትሮቹ ዝም ያሉት መልእክቱ ከሐኪም አፍ ስለወጣ ነው። ተማልቲ ቢናገረው ኖሮ እንደዚያ አይደነግጡም ነበር። ግሬይሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሽተኛውን የሚወድና ሌት ተቀን ያስታመመ ሰው ነው። ሁናቴው ከበሽተኛው ቢሰወር ይሻላል፥ ሥልጣን መልቀቅም ተስፋውን ይገድልበታል ብሎ ያምን ነበር። ለበሽተኛው ምናልባት ልክ ነው። ግን ይህ መድኃኒት የተከፈለው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሁሉ በባለቤታቸው በወይዘሮ ኤዲት እጅ አለፈ። እርሳቸው ራሳቸው በጻፉት ትዝታ የወሰኑት ነገር ቢኖር ለባላቸው የሚቀርበው የቱ ጉዳይ እንደሆነና መቼ እንደሚቀርብ ብቻ መሆኑን ይናገራሉ። የመንግሥት ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ሥልጣን እምብዛም እንደሌለ ይረዳል። በአዲስ አበባ በአልጋው አጠገብ የነበሩት እቴጌና በዋሽንግተን በአልጋው አጠገብ የነበሩት ወይዘሮ በዐሥር ዓመት ልዩነት በአንድ ዓይነት ቦታ ቆመው እናያለን። ልዩነቱ መኳንንቱ ጠይቀው አራቋቸው፤ ሚኒስትሮቹ ግን ጠይቀው ተመለሱ።

ታኅሣሥ 5 ቀን ሁለት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች፥ አልበርት ፎልና ጊልበርት ሂችኮክ፥ ፕሬዚዳንቱን ሊያዩ ተፈቀደላቸው። ፎል ተቃዋሚ ነበር። ክፍሉ አስቀድሞ ተዘጋጀ፤ የሰነፈው ግራ እጅ በብርድ ልብስ ተሸፈነ፤ ፕሬዚዳንቱ በቀኝ እጃቸው ጨበጧቸው፥ ተነጋገሩም። እንግዶቹ ወጥተው አእምሮው ደኅና ነው ብለው ለጋዜጦች መሰከሩ። ወሬው ረገበ። የሐሰቱን ሥራ በመጨረሻ የፈጸመው የተቃዋሚው ምስክርነት መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በዚህ መካከል ውሉ ሞተ። ኅዳር 19 ቀን 1919 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ሳይቀበለው ቀረ፤ መጋቢት 19 ቀን 1920 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ 49 ሰዎች ሲደግፉት 35 ተቃወሙት፤ ሁለት ሦስተኛውን ለመሙላት ሰባት ድምፅ ጐደለው። ጥቂት ማስተካከያ ቢቀበሉ ውሉ ሊያልፍ ይችል ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ዊልሰን ግን ወገኖቻቸው የተሻሻለውን እንዳይቀበሉ አዘዙ። ይህ ግትርነት የጥንት ጠባያቸው ነው ወይስ የበሽታው ሥራ? ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ አሁን ይከራከሩበታል፤ እኛም ልንቈርጥ አንደፍርም። አሜሪካ ወደ ማኅበሩ ሳትገባ ቀረች። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ አባል ሆና የገባችበትና በ1928 ዓ.ም. በደጁ አቤት ብላ መልስ ያጣችበት ማኅበር ይኸው ነው። አሜሪካ አባል ብትሆን ያድነን ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ግን በኋይት ሐውስ አንድ መኝታ ቤት የተሸፈነው ነገር የአንድ አገር ጓዳ ብቻ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል።

ላንሲንግስ? በየካቲት 1920 ዓ.ም. ያለ ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ሚኒስትሮችን ሰብስበሃል ተብለው ሥራቸውን እንዲለቁ ተደረጉ። ጠያቂው ተቀጣ። ዊልሰን እስከ መጋቢት 4 ቀን 1921 ዓ.ም. በሥልጣን ቈይተው በ1924 ዓ.ም. ሞቱ። ግሬይሰን በ1938 ዓ.ም. እስኪሞት ምሥጢሩን አላወጣም፤ የበሽታውን ልክ የሚያሳዩት ወረቀቶቹ በሊቃውንት እጅ የገቡት ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ሕግ አውጭዎች ከዚህ ተምረዋልን? ተምረዋል፤ ግን ዘግይተው ነው። አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምክትል ፕሬዚዳንቱና የሚኒስትሮቹ አብዛኛዎቹ ሆነው ፕሬዚዳንቱ መሥራት አለመቻሉን እንዲያስታውቁ የፈቀዱት በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ማሻሻያ ውስጥ ሐኪም የሚል ቃል የለም። የእኛው አገር የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ቀድሞ ሄዶ ነበር ቢባል ብዙ ሰው ይደነቃል፤ እኛም ስናነበው ተደንቀናል። ንጉሠ ነገሥቱ በብርቱ ሕመም ምክንያት ሥራቸውን መሥራት ባይችሉ እንደራሴ እንደሚቆም ደንግጎ፥ የሕመሙ ነገር የሚወሰነው ሊገኝ በሚችለው ከሁሉ በተሻለ የሐኪሞች አስተያየት መሆኑን በግልጥ ጽፎ ነበር። ይህን የጻፉት ሰዎች የ1902 ዓ.ም.ን ነገር አስበው እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። ሕገ መንግሥቱ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ታገደ ድረስ ድንጋጌው ለሥራ ሳይጠራ ቀረ።

እንግዲህ ሐኪሙን በሕግ ለምስክርነት መጥራት ነገሩን ይፈታዋል ብሎ የሚያስብ ሰው የፈረንሳይን ታሪክ ያንብብ። በዚያ አገር ፕሬዚዳንት ፖምፒዱ በ1974 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ ሳሉ በደም በሽታ ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ሕመማቸው ጉንፋን ነው ይባል ነበር። ሕዝቡ በዚህ ስለ ተቈጣ ፍራንሷ ሚተራን በ1981 ዓ.ም. ሲመረጡ ጤናቸውን በየስድስት ወሩ በሐኪም መግለጫ እንደሚያስታውቁ ቃል ገቡ። መልካም ቃል ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ፕሮስቴት በሚባለው ዕጢ የተነሣ ካንሰር ወደ አጥንታቸው መሠራጨቱ ታወቀ። ፕሬዚዳንቱ ይህ የመንግሥት ምሥጢር ነው አሉ። የግል ሐኪማቸው ዶክተር ክሎድ ጉብለርም በየስድስት ወሩ መግለጫውን መፈረሙን ቀጠለ። ካንሰሩ በመግለጫው አልነበረም። ሕዝቡ በ1988 ዓ.ም. ለሌላ ሰባት ዓመት ሲመርጣቸው አላወቀም፤ ነገሩ የተገለጠው በ1992 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ነው። ማለት፥ ሕዝብ እንዲያውቅ የተሠራው ሥርዐት ራሱ ሕዝብ እንዳያውቅ መሣሪያ ሆነ። ፖምፒዱ ዝም ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝምታው የሐኪም ፊርማ ተጨመረበት።

ሚተራን ጥር 8 ቀን 1996 ዓ.ም. ሞቱ። በዘጠነኛው ቀን ጉብለር ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ ሁሉን የሚናገር መጽሐፍ አወጣ፤ በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን መሥራት የማይችሉ ሆነው እንደነበርም ጻፈ። በማግሥቱ ቤተሰቡ ከሰሰና ፍርድ ቤት መጽሐፉ እንዳይሸጥ አገደ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ወደ 40,000 ቅጂ ተሽጦ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወንጀል ፍርድ ቤት ጉብለርን የሙያ ምሥጢር አውጥተሃል ብሎ በገደብ የሚቈይ የአራት ወር እሥራት ፈረደበት። የሐኪሞች ማኅበርም ከመዝገቡ ሠረዘው።

ለጉብለር ልናዝንለት እንሞክራለን፤ ግን ያዳግታል። መናገር በሚጠቅምበት ጊዜ ሐሰት ፈረመ፤ መናገር ለማንም በማይረዳበት፥ የሟቹ ቤተሰብ ለቅሶ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ እውነቱን ሸጠ። ሁለቱም ጊዜ ስቷል፤ የተፈረደበት ግን እውነቱን በተናገረበት ነው።

አሳታሚው ነገሩን በስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቀረበ። ፍርዱ የተሰጠው ግንቦት 18 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ቢያነቡት እንመክራለን። ፍርድ ቤቱ ነገሩን በሁለት ከፈለው። ፕሬዚዳንቱ በሞቱ በዐሥረኛው ቀን የተሰጠው ጊዜያዊ እግድ የሐዘንተኞቹን ስሜትና የሟቹን ምሥጢር ለመጠበቅ ነውና ተገቢ ነበር አለ። ከዘጠኝ ወር በላይ ቈይቶ በጥቅምት 1996 ዓ.ም. እግዱ እንዲጸና መደረጉ ግን ሐሳብን የመግለጥ ነጻነትን የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም ጊዜው በገፋ ቍጥር የአገር መሪን ታሪክ ማወቅ ያለው የሕዝብ ጥቅም ከምሥጢሩ እየበለጠ ይሄዳል፤ መጽሐፉም አስቀድሞ ተሠራጭቷልና ምሥጢሩ ምሥጢር መሆኑ ቀርቶ ነበር። የወንጀሉም ፍርድ ቤት ሆነ የስትራስቡርጉ ዳኞች የተጠየቁት መጽሐፉን ስለ ማውጣት ነው። በእነዚያ ዓመታት በየስድስት ወሩ የተፈረሙት መግለጫዎች በክሱ ውስጥ አልነበሩም።